የእናቴ ግቢ፣ የአባቴ ሚህራብ

ፑኝዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሊ ኢድሪስ፤

ሰላምታዬ ካንተ ይጀምርና ለእማ፣ ለባለቤትህ፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ይዳረስ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የስደተኞች ካምፑ ክሊኒክ ሥራ እንደ ድሮው ነው፤ ወባው ግን ከአምናው ቀለል ብሏል። የሰፋህልኝን ቀሚስ ጋትኬክ በመኪናው አድርሶልኛል። ልኬን ሳትወስድ መስፋትህ ይገርመኛል። ወገቡ ላይ አጥብቀኸዋል፤ እህትህ እስካሁን እንደ ድሮዋ ቀጭን የሆነች መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል።

በደብዳቤህ ስለ ጊሎ ወንዝ ዓሣ ጠየቅኸኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቅኸኝ፣ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየመራሁ እንደሆነም ጠየቅኸኝ። ሁሉም ደህና ነው፣ መዝሙሩንም እመራለሁ። አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ጋትኬክ ቀሚሱን ሲሰጠኝ፣ «የባሮ ዳሩ መስጊድ ሊሰፋ ነው አሉ፤ የእናታችሁ ግቢ ሊፈርስ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ሾፌር የሚያውቀውን የእናቴን ቤት ወሬ እኔ አልሰማሁም ልበለው? «እየተነጋገርንበት ነው» ብዬ ዋሸሁ።

እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ወንድሜ ሙስሊም መሆኑን ሲሰሙ ይገረማሉ። እኔ ደግሞ በመገረማቸው እገረማለሁ። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ አባቶቻችን ሁለት ናቸው፣ በቃ። አንተ ከግቢያችን በግራ ወጥተህ መስጊድ ትገባለህ፣ እኔ በቀኝ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ማታ እማ ያቀረበችውን አብረን እንበላለን። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ስለዚያ ግቢ ከሰው አፍ መስማቴ ግን ከፋኝ። የመስጊዱ ኮሚቴ ውስጥ አንተም አለህበት እኮ።

እማ ምን አለች? ሌላው ይቅርና ይህን ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ አቻን ኦጁሉ


ጋምቤላ፣ ኅዳር 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቻን፤

በሰላምታ ልጀምር ነበር፤ ቁጣሽን ሳስበው ግን በይቅርታ መጀመር ይሻለኛል። ይቅርታ። ቀሚሱን መልሰሽ ላኪው፣ ወገቡን አሰፋዋለሁ።

እማ ምንም አላለችም። ኮሚቴው ሦስት ሰው ሆነን ሄደን ነገርናት፣ ሰማችን፣ ከዚያ ጭቃዋን አቡክታ የግቢዋን መሬት መለቅለቁን ቀጠለች። እኛም ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣን፤ በእርጥቡ ላይ ብንረግጥ ኖሮ ምን እንደምትለን ታውቂያለሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። መስጊዱ አልበቃንም። ጋምቤላ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ሰው በሰው ላይ ነው፤ አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ነጋዴ፣ ከመቱ የሚወርድ ሾፌር። ዓርብ ዓርብ ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ነው የሚሰግደው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ በሱጁድ ላይ እያለን ወርዶብን፣ ግንባሬን ሳነሳ ጢሜ ድረስ ጭቃ ሆኜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ነው ይስፋ ብለው የወሰኑት።

ያ መስጊድ ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ መርከበኞቹ የሚሰግዱበት የሣር ዳስ ነበር። ከዚያ በጭቃ ተሠራ፤ ከዚያ መርከቡ በየክረምቱ ከካርቱም ጨው ይዞ ሲመጣ ከጨው ጆንያው ሥር ትንሽ ትንሽ ጡብ እየተጫነ መጣ። አባቴ የመርከብ አናጢ ነበር፣ ከካርቱም ማዶ የኦምዱርማን ሰው። ሚህራቡን የሠራው በገዛ እጁ ነው። እናንተ ቤት የለምና ላስረዳሽ፦ ሚህራብ ማለት ኢማሙ ፊቱን ወደ መካ አድርጎ የሚቆምበት የግድግዳው ጉድጓድ ነው። ሌላው ግድግዳ ሁሉ የሚከተለው እሱን ነው። አባቴ ሲሞት እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ መልኩ እንኳ በደንብ አይታወሰኝም። ያንን ጡብ ግን በእጄ እዳስሰዋለሁ። መስጊዱ ሰፍቶ አይቼው ከማለፍ ሌላ የምመኘው ነገር የለኝም።

ችግሩ ይህ ነው። የድሮው ግድግዳ በነበረበት መስመር ከቀጠለ በእማ ግቢ ላይ ያልፋል። ኮሚቴው በአዲሱ ሰፈር ቆርቆሮ የለበሰ ጥሩ ቤት አግኝቶላታል። ከባሮ ግን ሩቅ ነው። ከጅማ የመጣ ቀያሽ ደግሞ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ገና ያልጠራ ነገር ስለሆነ አሁን አልጽፈውም። ለገና ትመጪ ይሆን?

ወንድምሽ አሊ


ፑኝዶ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድሜ አሊ፤

ለገና አልመጣም፣ ተረኛ ነኝ። ጤንነትህን ጠይቄ ወደ ነገሩ እገባለሁ፣ ተናድጃለሁና።

ያልጠራ ያልከውን ነገር ጋትኬክ አጥርቶ ነገረኝ። ቀያሹን ወደ መቱ የወሰደው እሱ ነው። ሰውየው ጋቢና ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር አሉ። የድሮው መስጊድ ወደ መካ አይደለም የሚያየው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው ብሏል። አዲሱ ቤት ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ከዞረ ማዕዘኑ የእማን ግቢ ስቶ የድሮው ጨው መጋዘን የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል ብሏል። የድሮው መስመር እንዳለ ከቀጠለ ግን ቤቷ ይፈርሳል። እውነት ነው?

እውነት ከሆነ ለምን ደበቅኸኝ? ለነገሩ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአባትህ እጅ ሥራ ስለሆነ ነው። እኔ አባትህን አልደረስኩባቸውም፤ አባቴ ኦጁሉ ግን ስማቸው ሲነሳ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር፣ አንተም አይተሃል። ስማቸው እንዲጎድፍ አልፈልግም። ግን የሞተ ሰው አይሳሳትም ብለን በሕይወት ያለች ሴት ቤት እናፍርስ? ሰማንያ ሊሞላት ነው። ጠዋት ባሮ ወርዳ ካልታጠበች ቀኑ የማይጀምርላት ሴት ናት። ከወንዙ አርቀህ ቆርቆሮ ቤት ብታስቀምጣት ስንት ወር የምትቆይ ይመስልሃል? እኔ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከቦታቸው የተነሱ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚሆኑ በየቀኑ አያለሁ።

ሌላም ነገር ልጠይቅህ። ልጆች ሆነን እማ፣ «ይሄ ሚህራብ ሲተከል ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ» ትለን አልነበር? እኛ ቀልድ ይመስለን ነበር። ጠይቃት። አቅጣጫው እንዴት እንደተያዘ የሚያውቅ አሁን በሕይወት ያለ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

አቻን


ጋምቤላ፣ ጥር 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

እህቴ አቻን፤

ረመዳን ሊገባ ነው። ጾሙን ከመያዜ በፊት ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጻፍልሽ።

ጋትኬክ የነገረሽ እውነት ነው። የደበቅሁሽም አንቺ ባልሽው ምክንያት ነው፣ ሌላ ሰበብ አልፈልግለትም። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ወጣቶቹ ከቀያሹ ጋር ናቸው። ሽማግሌዎቹ በሐጂ ሱሌማን መሪነት አይሆንም ብለዋል። ሐጂ ሱሌማን፣ «ኮምፓስ ብረት ካየ ይስታል፤ ጣሪያችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው» ይላል። ቀያሹ ሜዳ ወጥቶ ደግሞ ቢለካም፣ «እዚያም ድልድዩ አለ፣ እሱም ብረት ነው» አለው። ሳቅን፣ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በመጨረሻ ኢማሙ፣ «አቅጣጫው በምን እንደተያዘ የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር፤ እንወስናለን። ከሌለ የአባቶችን ግድግዳ በጥርጣሬ አንነካም» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም፣ «ያኔ አልተወለድኩም» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

ማታውኑ እማን ጠየቅኋት። መጀመሪያ አልሰማሁም ብላ አለፈችኝ። ደግሜ ስጠይቃት በአኙዋክኛ የመለሰችልኝን በአማርኛ ላስቀምጠው፦ «ቤቴን ለማዳን ብዬ የሞተውን ባሌን ስም አደባባይ አላወጣም። ሰውየው እዚህ አገር ዘመድ አልነበረውም። አንተንና ያን ግድግዳ ነው ትቶ የሄደው። አንተ አርጅተሃል፣ ግድግዳው ግን ገና ነው።» ከዚያ ተነስታ ማሰሮዎቿን በገመድ ማሰር ጀመረች። አሁን ግማሹ ዕቃዋ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ከዓረፋ በኋላ እነሳለሁ ብላለች።

ልንገርሽ አይደል፣ እምቢ ስትለኝ ደስ አለኝ። የአባቴ ስም ተረፈ ብዬ። ትንሽ ቆይቼ የታሰሩትን ማሰሮዎች ሳይ በራሴ አፈርኩ። በማግስቱ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሁለቴ አበላሸሁ። አባቴን ባውቀው ኖሮ እንደዚህ አልሆንም ነበር ይመስለኛል። ከእሱ ያለኝ ያ ጡብ ብቻ ነው፤ እሱም ጠማማ ነው ሲሉኝ አልቻልኩም።

ለኢድ ነዪ። እኔ የማልችለውን አንቺ ትችዪ እንደሆነ እንይ።

አሊ


ፑኝዶ፣ መጋቢት 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድሜ አሊ፤

በሰላም ገባሁ። ለባለቤትህ ምስጋናዬን ንገርልኝ፤ የሰጠችኝ የኢድ ምግብ እስከ አቦቦ እንኳ አልደረሰም፣ ጋትኬክ ነው የጨረሰው።

ፊት ለፊት ልነግርህ ያልቻልኩት ነገር አለ። እናንተ ጋ ሦስት ቀን ስቆይ እማ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ይዛኝ ትወርድ ነበር። በመጨረሻው ቀን ውሃው ውስጥ ቆማ ጀርባዋን እያሸሁላት ሁሉንም ነገረችኝ። ስትጨርስ ደግሞ፣ «ለመስጊድ ሰዎች አፍሽን ብትከፍቺ ልጄ አይደለሽም» ብላ አስማለችኝ። ለመስጊድ ሰዎች አልተናገርኩም። የምጽፈው ለወንድሜ ነው።

አባትህ በመጡበት ክረምት መርከቡ ወንዙ ሳይጎድል ሲመለስ እሳቸው ታመው ቀሩ። ሲሻላቸው የሣሩ ዳስ በጭቃ ሊተካ ሆነና፣ መካ በየት በኩል ናት የሚለው ጥያቄ መጣ። ኮምፓስ የነበረው የመርከቡ ካፒቴን ሄዷል። የቀሩት ሰዎች አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ አሉ። አባትህ፣ «እኔ አውቃለሁ» አሉ። ኦምዱርማን በአባታቸው መስጊድ፣ በክረምት የንጋት ሰላት ጨርሰው እንደተቀመጡ ፀሐይ የምትወጣው በቀኝ ዓይናቸው ትይዩ ነበር። ልጅ ሆነው ዓይናቸውን እየጨፈኑ አባታቸው ይቆጧቸው ነበር አሉ። እዚህም ከሰማዩ መንጋት በፊት ወጥተው፣ ፀሐይዋ በቀኝ ዓይናቸው በኩል እስክትሆን ቆመው ጠበቁ። እማ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አዩዋትና በእጃቸው ምልክት ገመዱን ያዢልኝ አሏት። ቋንቋቸውን አታውቅም፣ እሳቸውም የእሷን አያውቁም። ገመዱ ተወጥሮ ካስማው ሲመታ አባትህ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ምን ሆነው እንደነበር የነገሯት ከተጋቡ በኋላ ነው፤ «የአባቴ ቤት የቆምኩ መሰለኝ» አሏት።

ክሊኒካችን ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። ከኦምዱርማን ላየ ሰው መካ ወደ ፀሐይ መውጫው ታደላለች። ከእኛ ግን ወደ ሰሜን ናት። ፀሐይዋ ያችው ፀሐይ ናት፤ አባትህ ግን ያን ሁሉ ወንዝ ተጉዘው ቦታ ቀይረው ነበር። በዚያ ወር ናፍቆት የያዘው ሌላ ሰውም ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር ይመስለኛል። እማ ይህን ስሕተት ብላ አትጠራውም፤ እሷን ያገኙበት ቀን ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

እኔ መሐላዬን ለራሴ ተርጉሜ እዚህ ድረስ መጥቻለሁ፤ ከዚህ አላልፍም። አሁን የሚያውቀው የመስጊድ ሰው አንተ ብቻ ነህ። አባቴን ላሳፍር ነው ወይ ብለህ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። የሰማሁትን ስሰማ ግን እኔ አላፈርኩባቸውም፤ ይልቅ አባቴ ባርኔጣውን ለምን ያወልቅ እንደነበር ገባኝ። የሚሻልህን አድርግ። እማ ከዚያ ግቢ ብትነሳ አልቀየምህም ብዬ ግን አልዋሽህም።

አቻን


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1987 ዓ.ም.

እህቴ አቻን፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። መልስ እስካገኝ ጨውና ሳሙና በጋትኬክ ልኬልሻለሁ። ቀሚሱንም አስፍቼዋለሁ፣ አብሮ አለ።

አሊ


ጋምቤላ፣ ግንቦት 24 ቀን 1987 ዓ.ም.

እህቴ አቻን፤

ይህ ደብዳቤ መንገዱ ሳይዘጋ ይድረስሽ። ጋትኬክ ዝናቡ ከጠነከረ እስከ መስከረም አልመጣም ብሏል፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢል ቻይኝ።

በአፍ የላክሽብኝን ጥያቄ ልመልስ። ተናገርኩ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኢማሙ ሰዎቹን እንዲያቆይልኝ ለመንኩት። ተነስቼ ቆምኩ። አባቴ አቅጣጫውን በምን እንደያዘ፣ ስለ ኦምዱርማን መስጊድ፣ ስለ ፀሐይዋ፣ ሁሉንም አወራሁ። ገመዱን የያዘችው ማን እንደሆነች አልተናገርኩም፤ ማንም ግን አልጠፋውም፣ ግቢዋ ከግድግዳው ሥር ነው። ማልቀሱንም ነገርኳቸው። እሱን ልተወው አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ ሲመጣ ግን ደስ አለኝ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያህል ሆነብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስለ አባቴ የማወራው ነገር አገኘሁ።

ስጨርስ ሐጂ ሱሌማን፣ «እንግዲያ እስከዛሬ የሰገዱት አባቶቻችንስ? ሰላታቸው የት ገባ?» አለ። ድምፁ የሚጣላ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ኢማሙ፣ «መካን ፈልጎ በሚችለው ያቀናውን ሰው አላህ ያውቀዋል። የእነሱ ሰላት ሙሉ ነው። እኛ ግን አሁን ሰምተናል» አለው። ሐጂ ሱሌማን ሲወጣ ትከሻዬን ይዞ፣ «አባትህ እዚህ ባይቀር ኖሮ ይህም አይኖረንም ነበር» አለኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፓስ አልተናገረም።

ቀያሹ ተመልሶ መጣ። ማዕዘኑ እሱ እንዳለው መጋዘኑ ቦታ ላይ አረፈ፤ የእማ አጥር አልተነካም። ባለፈው ዓርብ ግድግዳው ሳይቆም በካስማው መስመር ሜዳ ላይ ሰገድን። ፊቴን ወደ አዲሱ ባዞረውም እግሬ ወደ አሮጌው ይሄድብኛል። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ሁለቴ በክርኑ ጎሸመኝ።

እማ ግን ተቆጣችኝ። ለአንድ ሳምንት ምግቤን በጎረቤት እጅ ነው የላከችልኝ። አንድ ቀን ከበሯ ላይ ጠብቃ፣ «አቻን ናት የነገረችህ?» አለችኝ። በእጇ የያዘችውን ዓሣ ማየት ጀመርኩ። «እሷ ምስጢር ትጠብቃለች ብዬ አልነበረም የነገርኳት» አለችና ዓሣዋን መግፈፍ ቀጠለች። ይህን ምን ብዬ እንደምተረጉምልሽ አላውቅም፣ ስትመጪ ራሷን ጠይቂያት። ማሰሮዎቿን ግን ፈታቻቸው።

የመጨረሻውን ልንገርሽ። አዲሱ ቤት የሚቆመው የድሮው ሚህራብ ሲነሳ ነው። ኮሚቴው ጡቡን ለመሠረት መሙያ ሊያደርገው ነበር። እኔ ምንም አላልኩም፤ ያልኩት ይበቃል ብዬ ነበር። ጡቡ መነሳት በጀመረበት ጠዋት እማ በትሯን ይዛ መጣች። መስጊዱ ግቢ ስትገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኢማሙን፣ «ያ ጡብ ለእናንተ አሁን ጥቅም የለውም። ለእኔ ስጡኝ» አለችው። ኢማሙም፣ «ንጹሕ ቦታ አስቀምጪው» አላት። ንጹሕ ቦታ ሲላት እንዴት እንዳየችው ብታዪ።

ትናንት ከግንበኛው ጋር ሆነን በግቢዋ ጥግ፣ ከማንጎው ሥር ስንደረድረው ዋልን። ጡቡ ብዙም አልተሰበረም፤ በጭቃ የተጋጠመ ስለሆነ በእጅ ሲነቀል ደህና ወጣ። የአባቴ የእጅ አሻራ ያለበት አንድ ጡብ አገኘሁ። እርጥብ ሳለ የነካው ሰው ካርቱም ያለ ጡብ ሠሪ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፣ እንዳትነግሪኝ። ግንበኛው፣ «ወደየት እናዙረው?» ብሎ ጠየቀ። እማ በበትሯ አሳየችው፤ ልክ እንደ ድሮው።

እኔም አላስቻለኝም። «እማ፣ ያ እኮ ወደ መካ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «መካን እናንተ ወስዳችኋል። እኔ ግቢዬ ውስጥ የምፈልገው ሰውየውን ነው።»

ጭቃውን አቀበለችኝ፣ እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

ወንድምሽ አሊ ኢድሪስ